የገጠር ቀበሌ ሥልጣኑ ከየት ይመነጫል? እስከ የትስ ይደርሳል?

ባለፈው እትማችን ስለ ገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ የደረሱን አብዛኞቹ ደብዳቤዎች የሚጠይቁት ስለ መሬቱ ሳይሆን ደብተሩን ስለሚሰጠውና ስለሚከለክለው ቀበሌ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለእነዚሁ ጥያቄዎች ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንና የቀበሌዎቹን ስምም ትተናል። ዘመኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ ስብሰባ ላይ ከወረዳ የመጣ ባለሙያ «ቀበሌ የወረዳው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ነው» አለን። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ደግሞ «የለም፣ ቀበሌ ሕዝቡ ራሱን የሚያስተዳድርበት መንግሥት ነው» ብለው ተከራከሩት። ነገሩ ሳይቋጭ ስብሰባው ተበተነ። ለመሆኑ ቀበሌ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ? (አርሶ አደር፣ ከጎጃም)

መልስ፦ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች ውስጥ ቀበሌ የሚባል እርከን በስሙ ተጠቅሶ አይገኝም። ይህን ይዞ ቀበሌ ሕገ መንግሥታዊ መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች ራሳቸው በሚወስኗቸው የአስተዳደር እርከኖች እንዲዋቀሩ ከፈቀደ በኋላ፣ ሕዝቡ በዝቅተኛዎቹ እርከኖች በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለእነዚሁ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። አንቀጽ 88 ደግሞ ሕዝቡ በየደረጃው ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር የመደገፍ ኃላፊነትን በመንግሥት ላይ ይጥላል። ክልሎች በ1994 ያሻሻሏቸው ሕገ መንግሥታት፣ ለምሳሌ የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 59/1994፣ የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 46/1994 ያወጧቸው፣ ቀበሌን በስሙ ጠርተው፣ በነዋሪው የሚመረጥ ምክር ቤት፣ ሥራ የሚያስፈጽም አስተዳደርና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እንዲኖረው አድርገዋል። በትግራይ ይኸው እርከን ጣቢያ ይባላል። ከቀድሞው የደቡብ ክልል የወጡት አዳዲስ ክልሎችም የየራሳቸውን ሕገ መንግሥት አጽድቀዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነዋሪ የቀበሌውን ሥልጣን መፈለግ ያለበት በዋናነት በክልሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ ነው፤ የፌዴራሉ ሰነድ የሚሰጠው ትእዛዙን ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ክልሉ ነው።

በሕጉ ሚዛን እንግዲህ ርእሰ መምህሩ ትክክል ናቸው። ባለሙያውም ቢሆን ከሜዳ ተነሥቶ አልተናገረም፤ በየቀኑ የሚያየውን ነው የተናገረው። ቀበሌ የራሱ ካዝና የለውም። ሥራ አስኪያጁን፣ የግብርና ባለሙያዎቹን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹንና መምህራኑን የሚቀጥረውም ደመወዛቸውን የሚከፍለውም ወረዳው ነው፤ የተመረጡት የምክር ቤት አባላት ግን እርሻቸውን እየሠሩ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው። ብዙ አንባቢዎቻችን የሚያውቁትን የቀበሌ ስብሰባ እናስታውስ። ገበሬው በሬ በማይጠምድበት በዓል፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ሊቀመንበሩ ከወረዳ የተላከውን ወረቀት ያነባል፤ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ መወሰድ እንዳለበት፣ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደሚሠራ፣ የመሬት ግብሩ እስከ መቼ ተሰብስቦ እንደሚያልቅ ይነገራል፤ «አስተያየት ያለው» ይባላል፤ ሁለት ሦስት ሰው ይናገራል፤ እጅ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው አኃዝ ግን ስብሰባው ከመጠራቱ በፊት የተቆረጠ ነው። ሕገ መንግሥቱ ያሰበው ጉዳዩ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወደ ወረዳ እንዲሄድ ነበር።

ይህ የትናንት ነገር አይደለም። ከ1967 በፊት በሰሜኑ ጭቃ ሹም፣ በደቡቡ ባላባት፣ ኋላም አጥቢያ ዳኛ የሚባሉት ሹሞች ገበሬውን ለመንግሥት ሲያስገብሩና ትእዛዝ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። በ1958 የአውራጃዎችን ራስን ማስተዳደር የሚመለከት ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበር፤ ይሁንና ፓርላማው ሳይቀበለው ቀረ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ የሚገኙ ገበሬዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ መሬቱንም ራሳቸው እንዲደለድሉ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ለገበሬ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነትና የዳኝነት ሥልጣን ሰጣቸው። በእኛ እምነት በዘመናዊቱ ኢትዮጵያ ታሪክ ገበሬው በራሱ ጉዳይ ላይ በእውነት የወሰነባቸው ጊዜያት እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ያው ማኅበር የእህል ኮታ የሚሰበሰብበት፣ የመንደር ምሥረታ የሚካሄድበትና ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለመልበት መሣሪያ ሆነ። ከ1983 በኋላ የገጠሩ ቀበሌ የቆመው በዚህ ማኅበር መሠረት ላይ ስለሆነ፣ አዛውንቶች ዛሬም ቀበሌን በጥርጣሬ ቢያዩት ምክንያት አላቸው።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ለተፋሰስ ሥራ እንወጣለን። ያልወጣ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱን ያልከፈለ ደግሞ ከቀበሌ ምንም ዓይነት ደብዳቤ አያገኝም። ከዚህ ሌላ ለመንገድ፣ ለስፖርት፣ ለልዩ ልዩ በዓላት እየተባለ መዋጮ ይጣላል። ይህ ሕጋዊ ነው? (አርሶ አደር፣ ከወሎ)

መልስ፦ ጠያቂያችን ሁለት ጉዳይ ነው ያነሡት፤ መልሳቸውም የተለያየ ነው።

ጉልበትን በሚመለከት፣ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 4 ሥር ግን የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ፈቃድ በአካባቢው የሚያከናውነው የልማት ሥራ እንደ ግዴታ ሥራ እንደማይቆጠር ተደንግጓል። የተፋሰስ ሥራ የሚቆመው በዚህ ድንጋጌ ላይ ነው፤ ድንጋጌው ደግሞ የሚቆመው በፈቃድ ላይ ነው። ታዲያ ፈቃዱ የማን ነው? የእያንዳንዱ ሰው ወይስ የማኅበረሰቡ? ሕገ መንግሥቱ የሚናገረው ስለ ሕዝቡ ፈቃድ ስለሆነ፣ ነዋሪው በእውነት ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ «ያልወጣ ይህን ያህል ይከፍላል» ብሎ ከወሰነ፣ ቅጣቱ ከእድር ቅጣት ብዙም አይለይም። በትግራይ የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ የተራቆተ መሬቱን መልሶ አልምቶ በ2004 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው ሕዝቡ ራሱ ባወጣውና ራሱ ባከበረው ደንብ ልቅ ግጦሽን አግዶ ነው። በአንጻሩ የሥራው ቀን ብዛትም፣ ቅጣቱም፣ የሚሠራበት ተራራም ከወረዳ ተቆርጦ የመጣ ከሆነ፣ ፈቃድ የሚባለው ነገር የለም፤ አንቀጽ 18 የከለከለው ሥራም ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የቅጣቱ ደንብ በማን፣ መቼ፣ በየትኛው ጉባኤ እንደጸደቀ ነው። ቃለ ጉባኤውን አሳዩን ማለት መብት ነው፤ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ይደነግጋልና።

መዋጮውን በተመለከተ ክርክር የለም። የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የገበሬውን የገቢ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን በአንቀጽ 97 የተሰጠው ለክልል ነው። ቀበሌ ይህን ገቢ ይሰበስባል እንጂ በራሱ ሥልጣን ግብር አይጥልም። ስለሆነም መዋጮ ከተባለ መዋጮ መሆን አለበት፤ የሚከፍል ይከፍላል፣ የማይከፍልም አይከፍልም፣ የከፈለም ደረሰኝ ይቀበላል። ለስፖርት አልከፈልክም ተብሎ የነዋሪነት መታወቂያ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ መከልከል ምንም ዓይነት የሕግ መሠረት የለውም።

ጥያቄ፦ ከጎረቤቴ ጋር በድንበር ተጣልተን ሊቀመንበሩ በሚሊሻ አስይዞ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከዓርብ እስከ ሰኞ አሳደረኝ። በኋላ በሽማግሌ ጨርሱ ተባልኩ፤ ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን እንድቀበል ተገድጃለሁ። ቀበሌ ማሰር ይችላል? (ከሸዋ)

መልስ፦ አይችልም። አንቀጽ 17 ማንም ሰው ያለ ሕግ እንዳይያዝ ይከለክላል፤ አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። ሚሊሻ ወንጀል ሲፈጸም ያገኘውን ሰው ይዞ ለፖሊስ ሊያስረክብ ይችላል፤ በቀበሌ ክፍል ውስጥ ቆልፎ የማሳደር ሥልጣን ግን ለእሱም ሆነ ለሊቀመንበሩ የሰጠ ሕግ የለም። በድንበር ክርክር ሰው የሚታሰርበት ምክንያትም የለም፤ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው።

ሽምግልናን በሚመለከት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል። ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጥታለች፤ ያም ቢሆን መነሻው የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ሽማግሌ ክብር የሚኖረው ሁለቱም ወገኖች «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ብለው ሲመጡ ነው። ሳይስማሙ ተገደው የተቀበሉትን ውሳኔ መደበኛ ፍርድ ቤት ሄደው መቃወም ይችላሉ፤ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ውሳኔም ቢሆን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት በይግባኝ ይሄዳል። እንደ አሠራር ግን ብዙ ቀበሌዎች ውስጥ ሊቀመንበሩ አስተዳዳሪም፣ ዳኛም፣ ፖሊስም ሆኖ ይገኛል። ሕገ መንግሥቱ ሦስቱን የለየው ይህ እንዳይሆን ነው።

ጥያቄ፦ በሕንድ አገር ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የመንደር ምክር ቤቶች በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ሰፊ ቦታ እንደተሰጣቸው አየሁ። የእኛ ቀበሌ እንደዚያ ቢጻፍለት ኖሮ ዛሬ የምናየው ችግር አይኖርም ነበር ትላላችሁ? እግረ መንገዴን፣ የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ከተካሄደ ስንት ዓመት ሆነው? (የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ እንጀምር፤ በእኛ አስተያየት የነገሩ እምብርት እሱ ነውና። አገር አቀፍ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2000፣ ከዚያም በሚያዝያ 2005 ተካሂዷል። በ2005 ከ3.5 ሚሊዮን በላይ መቀመጫዎች ለውድድር ቀርበው፣ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን በማግለላቸው፣ ከጥቂት መቀመጫዎች በስተቀር ሁሉንም ገዢው ግንባር ወስዷቸዋል። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ሲያበቃ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫውን አራዘመው። በ2013 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ላይም የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች ሲመረጡ ቀበሌዎች አልተካተቱም። በ2005 ድምፅ ለመስጠት እድሜው ያልደረሰ የገጠር ወጣት ዛሬ ትዳር ይዞ ልጅ ወልዶ፣ የቀበሌውን አስተዳዳሪ ግን አንድም ጊዜ አልመረጠም። በመካከሉ ሊቀመንበሮች ተለዋውጠዋል፤ ብዙ ቦታ የተለዋወጡት ግን በወረዳ ሹመት ነው። አንቀጽ 12 ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው እንዲያነሣ መብት ሰጥቶታል፤ ያልመረጡትን ሰው እንዴት አድርገው እንደሚያነሡ ግን የሚመልስ የለም።

የሕንዱ ሕግ ይህንን ቀዳዳ ነው የደፈነው። በምዕራባውያን አቆጣጠር በ1992 የወጣውና በሚያዝያ 1993 ሥራ ላይ የዋለው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመንደር ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ብቻ እንዲሆን፣ ዘመኑ ሳያልቅ አዲስ ምርጫ እንዲጠናቀቅ፣ ምክር ቤቱ ከተበተነም በስድስት ወር ውስጥ ተተኪው እንዲመረጥ በሕገ መንግሥት ደረጃ ቆርጦ አስቀምጧል። ከመቀመጫዎቹ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ነው። በመራጭነት የተመዘገበ የመንደሩ ነዋሪ ሁሉ አባል የሚሆንበት የመንደር ጉባኤም ሕገ መንግሥታዊ አካል ሆኗል። በየአምስት ዓመቱ የገንዘብ ክፍፍሉን የሚመረምር ኮሚሽን በየክፍለ ግዛቱ እንዲቋቋምም ታዟል። በእኛ ሕገ መንግሥት ለቀበሌ ከእነዚህ አንዱም የለም፤ ያለው «በቂ ሥልጣን» የሚል ትእዛዝ ነው፣ በቂው ስንት እንደሆነ የሚወስነውም ሥልጣኑን ለመስጠት የማይቸኩለው ያው የበላይ አካል ነው።

ይሁንና የሕንድን ነገር ማጋነን አይገባም። ለመንደሮቹ ሊሰጡ የሚችሉ 29 የሥራ መስኮች በሰንጠረዥ ቢዘረዘሩም ከእነዚህ ምን ያህሉን እንደሚሰጡ የሚወስኑት የክፍለ ግዛቶቹ ምክር ቤቶች ናቸው፤ በዚህ ረገድ ከእኛ ክልሎች ብዙም አይለዩም። ኬረላ በምዕራባውያን አቆጣጠር በ1996 ከእቅድ በጀቷ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ስትለቅ፣ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ስሙን ሰጥተው ገንዘቡን ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ ለጠያቂያችን የምንሰጠው መልስ ግማሽ ነው። የምርጫ ዘመንን በሕገ መንግሥት መቁረጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ምክንያቱም ተመራጭ ማንን እንደሚፈራ የሚወስነው እሱ ነው። ሥልጣንና በጀትን በሚመለከት ግን ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም፤ ያ የክልል ምክር ቤቶችን ፈቃድ ይጠይቃል። ለዚህ ደግሞ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት የማሻሻል ከባድ ሂደት እስኪጀመር መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ክልል ነገ ተነሥቶ የራሱን ሕገ መንግሥት ቢያሻሽልና ለቀበሌዎቹ ከሰበሰቡት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ላይ የተወሰነውን እጅ ቢተውላቸው የሚከለክለው የለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ወራት አልፈዋል። የመሬት ደብተሩን ወደ እኔና ወደ ልጆቼ ስም ለማዛወር ቀበሌ ደብዳቤ ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ገበያ ነው ይሉኛል። ሲገኝም «የባልሽ ወንድሞች ይቅረቡ» ይለኛል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከደቡብ ጎንደር)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በመጀመሪያ ደብተሩን ይዩት፤ በአማራ ክልል ባልና ሚስት አብረው የያዙት መሬት ደብተር ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ ግራፍ ይሰፍራል። የእርስዎ ስም ካለበት በእርስዎ ድርሻ ላይ የባልዎ ወንድሞች የሚሉት ነገር የለም። አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 7 ሴቶች ንብረት፣ በተለይም መሬት፣ የመጠቀም፣ የማስተላለፍና የመውረስ እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፏል። ደብተሩን የሚሰጠውም ሆነ ስም የሚያዛውረው የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው፤ የቀበሌው ድርሻ ማረጋገጥና ማስተላለፍ ነው እንጂ መፍቀድና መከልከል አይደለም።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ጥያቄዎን በጽሑፍ አድርገው በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ሰጥተው በሌላው ላይ ቀኑንና ፊርማውን ያስጽፉ። ሥራ አስኪያጁ ደመወዝተኛ ስለሆነ ገበያ ወጣሁ ብሎ ማምለጥ አይችልም። ምላሽ ካጡ ያንን ቅጂ ይዘው ወደ ወረዳው አስተዳደር፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ቅሬታ ሰሚ አካል ይሂዱ፤ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ በነጻ ይቀበላል። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ስለሆነ በእሱ ላይ ተመሥርተው ቀበሌን መክሰስ አይችሉም፤ አንዳንድ ራፖር ጸሐፊዎች እሱን ጠቅሰው ገንዘብ እንደሚቀበሉ ስለሰማን ነው ይህን ማለታችን። የባልዎን ሞት የክብር መዝገብ ላይ ካላስመዘገቡም አሁን ያስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት መመዝገብ ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ጊዜው ካለፈም ዘግይቶ ማስመዝገብ ይቻላል። ያንን የምስክር ወረቀትና ደብተሩን ይዘው፣ የሊቀመንበሩን ማኅተም ሳይጠብቁ፣ ጉዳይዎን ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ።